«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚባለውን ማን ይከፍለዋል? ከሐዋሳ ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክቱ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሐዋሳ ውስጥ አንድ ወሬ ይደምቃል። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ከፍ እያለ ነው። ልጁን 12 ዓመት ላስተማረ ወላጅ ግን ይህ ብዙም አያጽናናም። ስለዚህ ዓይን ወደ ውጭ ይዞራል።

የኤጀንሲ ማስታወቂያዎች፣ የቴሌግራም ቻናሎችና የቲክቶክ ቪዲዮዎች ደግሞ መልስ አያጡም። «መቶ በመቶ ስኮላርሺፕ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ባንክ ስቴትመንት» ይላሉ። በሌላ በኩል ቡና ላይ የተቀመጠው ጎረቤት «እሱ የሀብታም ልጅ ነገር ነው፣ በከንቱ አትድከሙ» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይዘላሉ። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አይናገሩም። ማመልከቻው እንዴት እንደሚነበብ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ፣ በተለይም ብዙ ግራ መጋባት ባለበት በአሜሪካ ላይ ያተኩራል።

ከፋዩ ማነው?

«አሜሪካ ስኮላርሺፕ ይሰጣል» ሲባል መንግሥት የሚከፍል ይመስላል። አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ የተማሪ ድጋፍ ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች፣ እንዲሁም ለጥቂት ሌሎች የተለየ ነው። ፋፍሳ የሚባለው ቅጽ የእነሱ ነው። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ የሐዋሳ ልጅ ይህን ድጋፍ አያገኝም። «ፋፍሳ እንሞላልሃለን» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

ለውጭ ተማሪ የሚከፈለው በአብዛኛው ከኮሌጁ ካዝና ነው። የድሮ ተማሪዎችና ባለሀብቶች በየዘመኑ የሰጡት ገንዘብ ይጠራቀማል፣ ለትርፍ ይውላል፣ ከትርፉም በየዓመቱ የተወሰነው ይወጣል። ይህ ቋሚ ፈንድ ኢንዶውመንት ይባላል። ኢንዶውመንቱ ትልቅ የሆነ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ መክፈል ይችላል። ያ የሌለው ኮሌጅ ግን የውጭ ተማሪ የሚፈልገው ገንዘብ እንዲያመጣለት ነው። ብዙ የክልል መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ሁለተኛው ወገን ናቸው።

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ትልቅ ቁጥር የሚያታልለው እዚህ ጋ ነው። በዓመት 50 ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ኮሌጅ «የ20 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አግኝተሃል» ብሎ ደብዳቤ ይልካል። ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ዘመድ ይጠራል። የቀረው 30 ሺህ ግን የቤተሰቡ ነው። ይህ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ጠርቶ በኋላ «ለአንተ ብዬ ነው» እያለ የሚቀንስ ነጋዴ ዓይነት ነው።

ድጋፉ ሁለት ዓይነት መሆኑንም መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በውጤትና በችሎታ የሚሰጠው ነው፣ ሜሪት ይባላል። ሁለተኛው የቤተሰብ አቅም ታይቶ የጎደለውን የሚሞላው ነው፣ ኒድ ይባላል። ወላጆች ስኮላርሺፕ ሲባል የሚታሰባቸው አንደኛው ነው። ሁሉን ወጪ የሚሸፍነው ድጋፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሁለተኛው ነው። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጭራሽ ሜሪት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። «ሃርቫርድ በውጤቱ ስኮላርሺፕ ሰጠው» የሚለው የፌስቡክ ወሬ ስለዚህ ትክክል አይደለም። ሃርቫርድ ልጁን ይቀበላል፣ ከዚያ የቤተሰቡን ገቢ አይቶ ይከፍልለታል። እ.ኤ.አ. ከ2025 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የዓመት ገቢው 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ መደበኛ ሀብት ያለው ቤተሰብ ምንም አይጠይቅም። ሐዋሳ ውስጥ በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ ከዚህ ጣሪያ አጠገብ እንኳ አይደርስም።

አቅም የሚያዩና የማያዩ ኮሌጆች

ሁለት ቃላት በቴሌግራም ውስጥ በብዛት ይመላለሳሉ። ኒድ-ብላይንድ ማለት ተማሪው ድጋፍ መጠየቁ በመቀበል ውሳኔው ላይ አይታይም ማለት ነው። ኒድ-አዌር ማለት ደግሞ ይታያል ማለት ነው።

ለውጭ ተማሪ ኒድ-ብላይንድ የሆኑት ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲና አምኸርስት ከቆዩት ናቸው። ዳርትመዝና ቦውዶይን በ2022፣ ቀጥሎም ብራውንና ኖትር ዳም ተጨምረዋል። ሌሎች ቢኖሩም ዝርዝሩ ያን ያህል ረጅም አይደለም። ኒድ-ብላይንድ ማለት ግን ይቀላል ማለት አይደለም። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበሉም። ለውጭ ተማሪ ደግሞ በሩ ከዚያም ይጠባል።

ቀሪዎቹ ኒድ-አዌር ናቸው። እነዚህ ለውጭ ተማሪ የመደቡት ገንዘብ የታወቀ ነው። ሁለት ተማሪዎች እኩል ከሆኑ፣ አንዱ 80 ሺህ፣ ሌላው 30 ሺህ ዶላር የሚፈልግ ከሆነ፣ ሁለተኛው የመግባት ዕድሉ ይሰፋል። መራራ ነው፣ ግን የተደበቀ አይደለም። ኮሌጆቹ ራሳቸው በግልጽ ይጽፉታል።

ከዚህ የመጣ ምክር አለ። «ድጋፍ አልፈልግም ብለህ ግባ፣ ከገባህ በኋላ ትጠይቃለህ» ይባላል። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፣ ምክንያቱም ሳይጠይቁ ማመልከት በኒድ-አዌር ኮሌጅ በእርግጥ ያግዛል። ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ኮሌጆች በመጀመሪያ ማመልከቻው ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በአራቱም ዓመት መጠየቅ አይችልም የሚል ደንብ አላቸው። ልጁ ገብቶ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ቤት ተሽጦ ተከፍሎለት፣ በሁለተኛው ዓመት መመለሱ እንግዳ ታሪክ አይደለም። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ይህ ምክር ወጥመድ ነው።

ከዝነኞቹ ውጭ ያሉትም መታየት አለባቸው። በኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሠራል። የውጭ ተማሪ በዓመት 30 ገደማ ብቻ ይቀበላል፣ ለተቀበላቸውም የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። በየክፍለ ግዛቱ ያሉ ሊበራል አርትስ የሚባሉ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ያላቸው ትንንሽ ኮሌጆችም ለአፍሪካ ተማሪ ትልቅ ድጋፍ ሲሰጡ ይታያል። ስማቸው ሐዋሳ ስለማይታወቅ ብቻ ከዝርዝር ይወጣሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ አዲስ ነገርም አለ። በ2025 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ በትልልቅ ኢንዶውመንቶች ትርፍ ላይ ያለውን ግብር ከ1.4 በመቶ እስከ 8 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ግብሩ የሚመለከተው ከፋይ ተማሪዎቻቸው ቢያንስ 3 ሺህ የሆኑትን ነው፤ ትንንሾቹን አይነካም። በሚቀጥሉት ዓመታት ዝነኞቹ ወጪ ለመቀነስ ሲገደዱ ትንንሾቹ ባሉበት ሊቆዩ ይችላሉ። ዝርዝር ለሚያወጣ ተማሪ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የአሞራ ገደል ገቢ በምን ይረጋገጣል?

አብዛኛው ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የልጁን ድርሰት ሦስት መምህር አይቶታል፤ የቤተሰቡን የገንዘብ ቅጽ ግን ልጁ ብቻውን ሌሊት ሞልቶታል።

ዋናው ቅጽ ሲ.ኤስ.ኤስ ፕሮፋይል ይባላል። የሚያዘጋጀው ኤስ.ኤ.ቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚሰጠው ኮሌጅ ቦርድ ነው። የወላጆችን ገቢ፣ ቁጠባ፣ ቤት፣ ዕዳ፣ የቤተሰብ ብዛትና ስንት ልጅ እንደሚማር ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል። አንዳንድ ኮሌጆች ለውጭ ተማሪ የክፍያ ማስቀሪያ ኮድ ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ በምትኩ አይ.ኤስ.ኤፍ.ኤ.ኤ የሚባለውን ነፃ ቅጽ ይቀበላሉ። ኮሌጁን በኢሜይል መጠየቅ በቂ ነው፣ ኮድ መጠየቅም አያሳፍርም።

ቅጹ የተሠራው ደመወዝ በባንክ የሚገባለት፣ ግብር በየዓመቱ የሚያሳውቅ ቤተሰብ ታስቦ ነው። እስቲ አንድ የተለመደ የሐዋሳ ቤት እናስብ። እናት አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች። አባት ባጃጅ ይነዳል። አጎት ከውጭ በዓመት በዓሉ ይልካል። ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቷል። እናት እቁብ ትጥላለች። ከዚህ ሁሉ የቅጥር ደብዳቤ ያለው የለም።

ልጁ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ገቢ የሚለው ላይ ዜሮ ይጽፋል። ከታች ወጪ ሲጠየቅ ደግሞ የቤት አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ትራንስፖርት ብሎ በወር 25 ሺህ ብር ይሞላል። የኮሌጁ ሠራተኛ ሁለቱን ያስተያያል። ገቢ የሌለው ቤት 25 ሺህ ከየት አመጣ? ማብራሪያ የሚጠይቅ ኢሜይል ይመጣል። ወይም ምንም ሳይጠየቅ ፋይሉ ወደ ጎን ይቀመጣል።

የሚሻለው ትንሹንም በሐቅ መጻፍ ነው። የዓሣውን ገበያ በደህናው ወርና ዓሣ በሚጠፋበት ወር ለይቶ አማካይ ማውጣት። የባጃጁን የቀን ገቢ ከነዳጅና ከጥገና ቀንሶ ማስላት። የሰርቪሶቹን ኪራይ መጻፍ። አጎት የሚልከውን ሐዋላ መጻፍ። በቅጹ መጨረሻ ልዩ ሁኔታን ለማስረዳት የተተወ ቦታ አለ፤ የእናትን ሥራ በአምስት ዓረፍተ ነገር ለማብራራት ከእሱ የተሻለ ቦታ የለም። ከቀበሌ ስለ ኑሮ ሁኔታ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ በቁርጥ ለሚከፍል ነጋዴ የግብር ደረሰኝ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ማረጋገጫ ይያያዛሉ። ደብዳቤው በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ከሆነ ትርጉም ያስፈልገዋል።

እቁቡ የራሱ ጣጣ አለው። በባንክ ደብተር ላይ ወሩን ሙሉ ሦስት ሺህ ብር የነበረው ሂሳብ በአንድ ቀን 300 ሺህ ብር ይገባበታል። ለእኛ ግልጽ ነው፣ እቁብ ወጥቷል። ለውጭ አንባቢ ግን ለማሳያ የተበደረ ገንዘብ ይመስላል። ከእቁቡ ሰብሳቢ የተጻፈ አጭር ደብዳቤና አንድ መስመር ማብራሪያ ጥርጣሬውን ያነሳዋል። በየኮምፒዩተር ቤቱ «ስቴትመንት እናሳምርልሃለን» የሚሉ አሉ። እሱ ፎርጅድ ነው፤ ምን እንደሚያመጣ ከታች ቪዛ ላይ እንመለስበታለን።

የቤት ዋጋም ያስፈራል። አቶቴ አካባቢ ከዓመታት በፊት በርካሽ የተሠራ ቤት ዛሬ ሚሊዮኖች ይጠራል። «ይህን ከጻፍን ሀብታም ያደርጉናል» ይባላል። ሚሊዮኑ ወደ ዶላር ሲቀየር ግን የሚያስፈራው ብዙም አይቀርም፤ መደበቁ ነው ጉዳቱ።

የምንዛሪው ለውጥም በዚሁ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በወር 12 ሺህ ብር የሚያገኝ መምህር በዓመት 2,500 ዶላር ገደማ ገቢ ነበረው ማለት ነው። አንድ ዶላር 150 ብር ቢባል ያው ደመወዝ 960 ዶላር ይሆናል። ሙሉ ፍላጎት ለሚሸፍን ኮሌጅ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ድሮም ከቤተሰቡ የሚጠብቀው ጥቂት ነበር። ኒድ-አዌር ኮሌጅ ግን «ቤተሰባችሁ ቢያንስ ይህን ያህል ያዋጣ» ሲል በዶላር ነው የሚለው። ያ መዋጮ ነው በብር ሲቆጠር ከእጥፍ በላይ የሆነው።

ትራንስክሪፕት፣ ስምና ዘመን

የ2017 ዓ.ም. የ11ኛ ክፍል ውጤት «2017» ተብሎ ብቻ ቢላክ አሜሪካ ያለው አንባቢ ልጁ ያን ክፍል የጨረሰው ከብዙ ዓመት በፊት ነው ብሎ ያስባል። «ስምንት ዓመት ምን ሲሠራ ነበር?» ይላል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደችውም በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ትጨምራለች። ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለቱም ዘመን ጎን ለጎን እንዲጻፍ ሬከርድ ክፍሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራው የደቂቃ ነው፣ ግን ማኅተም ከመመታቱ በፊት ነው የሚባለው።

ስምም እንዲሁ። ፀሐይ የምትባል ልጅ በላቲን ፊደል አጻጻፏ ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው መሪ ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ይከተል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ፓስፖርቱ ላይ በዚያው ቦታ የተጻፈው ይገባል፤ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጻፍ ሁለት ሰው መፍጠር ነው።

አብዛኛው ማመልከቻ የሚያልፍበት ኮመን አፕ የትምህርት ቤት አማካሪ ይጠይቃል። በብዙ የሐዋሳ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ሥራ መደብ የለም። ርዕሰ መምህሩ ወይም አንድ ፈቃደኛ መምህር ይሞላዋል። የትምህርት ቤቱን ሁኔታ፣ በክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ቤተ ሙከራ መኖር አለመኖሩን ቢጽፍ ለልጁ ትልቅ ውለታ ነው፤ አንባቢዎቹ ውጤቱን የሚመዝኑት ከዚያ አንጻር ነው። ድርሰቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ድህነትን ለማስረዳት የገንዘብ ቅጹ አለ። ድርሰቱ ልጁን ለማስተዋወቅ ይዋል።

ጊዜውም ከእኛ የትምህርት ዘመን ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 22፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 ገደማ ይዘጋል። ልጁ የ12ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተርን እንኳ አልጨረሰም ማለት ነው። የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ከወጣ በኋላ «አሁን ውጭ እንሞክር» ማለት አንድ ሙሉ ዓመት መጠበቅ ነው።

ትንንሾቹ ክፍያዎች

ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸፍን ኮሌጅ በር ላይ 75 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ አጥተው የሚቀሩ ልጆች አሉ። በ150 ብር ቢታሰብ 11,250 ብር ነው። ለስምንት ኮሌጅ ሲባዛ 90 ሺህ። መክፈያ ካርዱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

ግን መክፈል ግዴታ አይደለም። ኮመን አፕ ላይ አቅም የለኝም ብሎ ክፍያ ማስቀሪያ መምረጥ ይቻላል። ብዙ ኮሌጆች ለውጭ ተማሪም ይቀበሉታል፤ አንዳንዶች ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ጭራሽ የማመልከቻ ክፍያ የማይጠይቁም አሉ።

በእንግሊዝኛ ፈተና በኩል የዱዎሊንጎ ፈተና 70 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከቶፍልና ከአይልስ በጣም ይረክሳል፣ ቤት ሆኖም ይወሰዳል። ካሜራ፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይዞ መቀመጥ ይሻላል። ኤስ.ኤ.ቲ ሌላ ነው። ለውጭ ተፈታኝ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ለመፈተንም 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ማደር ሊያስፈልግ ይችላል። ኤም.አይ.ቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዳርትመዝና ብራውን ፈተናውን መልሰው ግዴታ አድርገዋል። ቦውዶይን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አይጠይቅም። ፈተናውን መውሰድ ለማይችል ልጅ ዝርዝሩ ከዚህ ይጀምራል።

ኤጀንሲ ያስፈልጋል?

ኤጀንሲዎች የሚሉት አለ። ወላጅ እንግሊዝኛ አያነብም፣ ትምህርት ቤት አማካሪ የለውም፣ አንድ ስህተት ዓመት ያስከፍላል፤ ስለዚህ ለድካማችን ይከፈለን። ይህ ተገቢ ነው። ቅጽ መሙላትና ሰነድ ማዘጋጀት ሥራ ነው።

የሚያጠያይቀው የገቢያቸው ምንጭ ነው። ብዙ ኤጀንሲዎች ከፋይ ተማሪ ላመጡለት ዩኒቨርሲቲ ኮሚሽን ይቀበላሉ። ኮሚሽን የሚከፍለው ደግሞ ሙሉ ድጋፍ የሚሰጠው ኮሌጅ አይደለም። ስለዚህ ኤጀንሲው ቅን ቢሆን እንኳ የሚያውቀውና የሚያሳየው በር የሚከፈልበትን ነው። የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ኢዱኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ በኮሚሽን ከሚሠሩ ጋር አብሮ አይሠራም፤ ምክሩም ነፃ ነው። ስለዚህ ኤጀንሲው ጋ ከመፈረም በፊት «ከዩኒቨርሲቲው የምትቀበሉት አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ድርሰቱን እኛ እንጽፋለን፣ ቪዛው የእኛ ኃላፊነት ነው የሚል ካለ ግን ጉዳዩ ከኮሚሽን አልፏል። ቪዛን የሚያሰጥ ኤጀንሲ የለም።

ሌሎቹ አገሮች በአጭሩ

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ ይከፈታል። ክፍያ የለውም። ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ የወር ገንዘቡን፣ የቋንቋ ዓመቱንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይሸፍናል። የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም ትምህርትና የወር ገንዘብ ይሰጣል፣ ትኬት ግን የራስ ነው፤ የላኪው አገር መሥሪያ ቤት ዕጩነትም ያስፈልጋል። በእነዚህ ከፋዩ መንግሥት ስለሆነ የቤተሰብ ገቢ ቅጽ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ጀርመን «ነፃ ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ቪዛው ግን ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነው ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ ይፈልጋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከትምህርት ክፍያው ውጭ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት ይጠይቃል።

መቀበልና መሄድ

ኮሌጁ ከተቀበለና ገንዘቡ ከተሟላ አይ-20 የሚባል ሰነድ ይልካል። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን በቁጥር ይታይበታል። ከዚያ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ)፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ይከፈላል። በ2025 የወጣ ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ቢያንስ 250 ዶላር እንዲጨመር ፈቅዷል። ኮሌጁ እነዚህን ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፣ አንዳንዶቹ ያግዛሉ።

ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው። ብዙ ክልከላ የሚመጣው 214 ቢ በሚባለው አንቀጽ ነው። ሕጉ አመልካቹ ሁሉ ለመቅረት እንደሚፈልግ አድርጎ ይነሳል፤ የማስረዳቱ ሸክም በልጁ ላይ ነው። በዚህ አንቀጽ የተከለከለ ሰው ደግሞ ማመልከት ይችላል። በፎርጅድ ሰነድ የተያዘ ግን ሌላ ነው፤ ያ ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ያመጣል። የተሳመረው ስቴትመንት ዋጋ ይህ ነው። በሙሉ ድጋፍ ለሚሄድ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልገውም፣ ከፋዩ አይ-20 ላይ ተጽፏልና።

ፖሊሲውም እየተናወጠ ነው። በግንቦት 2025 የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ ለሳምንታት ቆሞ፣ ሲከፈት አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተጠየቀ። በሐምሌ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጡ ብዙ ቪዛዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገቡና ለሦስት ወር የሚያገለግሉ እንዲሆኑ ተወስኖ ነበር። ይህ አሜሪካ ውስጥ መማርን አያቋርጥም። ክረምት ላይ እናቱን ሊያይ የመጣ ተማሪ ግን ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ ይኖርበታል። አንዳንድ ልጆች አራት ዓመት ሳይመጡ ለመቆየት የሚወስኑት በዚህ ስሌት ነው።

ደብዳቤውን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

መጋቢት ላይ መልስ ይመጣል፤ እስከ ሚያዝያ 23 ገደማ ይወሰናል። የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ትልቁ ቁጥር የሚሰጠው ነው። መታየት ያለበት ግን የሚቀረው ነው። የጤና ኢንሹራንስ፣ ትኬት፣ መጻሕፍትና የክረምት ማደሪያ ተካትተዋል? «የተማሪ መዋጮ» የሚል መስመር አለ? ብዙ ኮሌጆች ግቢ ውስጥ ሠርቶ እንዲከፍለው ያስባሉ። በትምህርት ወቅት የተፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ድጋፉ ለአራት ዓመት ነው ወይስ በየዓመቱ ይታደሳል? ለመታደስ ስንት ነጥብ ይፈልጋል?

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ግብሩን ነው። ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጻሕፍት የሚሰጥ ድጋፍ ግብር የለበትም። ለማደሪያና ለምግብ የሚሰጠው ግን አለበት። ኮሌጁ በተማሪ ቪዛ ካለ ሰው 14 በመቶ ይቆርጣል፣ ኢትዮጵያም ከአሜሪካ ጋር ከዚህ የሚያስቀር የግብር ስምምነት የላትም። ለማደሪያና ለምግብ 18 ሺህ ዶላር የተሰጠው ልጅ 2,520 ዶላር ይጠየቃል። በዓመቱ መጨረሻ ግብሩን ሲያሳውቅ ጥቂቱ ሊመለስለት ይችላል። በ150 ብር ቢታሰብ 378 ሺህ ብር ነው፤ ከላይ ያነሳነው መምህር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚያገኘው ደመወዝ። አንዳንድ ኮሌጆች ይህን ራሳቸው ይሸፍናሉ፣ ሌሎች ቢሉ ላይ ጽፈው ይልካሉ። ከመፈረም በፊት «ግብሩን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ ለፋይናንስ ቢሮው ኢሜይል መላክ ይገባል፤ መልሱም በጽሑፍ ይቀመጥ። ቁጥሩ የማይሞላ ከሆነ ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ኮሌጆች ለዚህ አሠራር አላቸው። ይግባኙን የሚያሳምነው ልመና ሳይሆን አዲስ ማስረጃ ነው፤ የታመመ ወላጅ፣ የቆመ ሥራ፣ ወይም ቅጹ ከተሞላ በኋላ የተለወጠ ምንዛሪ።